ምሰሶ የሌለው አዳራሽ

ታኅሣሥ 12

እታለም፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ ስትይ አላምንሽም» ብለሽ ስለጻፍሽ ዘርዝሬ ልንገርሽ። እንቅልፍ እተኛለሁ። ምሳዬን እበላለሁ። ሳሉ ለቆኛል። ጣውላ የወደቀበት የእግሬ ጥፍር ተነቅሎ አዲሱ እየበቀለ ነው። በቃ፣ ከዚህ ሌላ የደበቅሁሽ የለም። ደብዳቤሽ የዘገየው የአውቶቡሱ ሾፌር ኪሱ ውስጥ ረስቶት ነው፤ ከነሸሚዙ ሊያጥበው ምንም አልቀረው። ያም ሆኖ በዚሁ እንቀጥል። ስልኩ እማዬ ጆሮ ሥር እስካለ ድረስ በእሱ የምናወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው።

ጥያቄሽን ልመልስ። አዎ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ተሞላ። አርማታው ፈስሶ አለቀ። አሁን ከሥሩ ያሉት የእንጨት ድጋፎች ተሸክመውታል፣ እሱ ደግሞ እየጠጠረ ነው። ድጋፎቹ በወሩ መጨረሻ ሲነሱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ባዶ ይሆናል። መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ልጆቹ የትም ቢቀመጡ መድረኩን ያያሉ።

ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቅሁበት ጠይቀሽኛል። እኔም ራሴን ጠየቅሁ። እስከ ዛሬ ምን ሠራሁ? የመጀመሪያው የውሃ ታንከር ማቆሚያ ነበር። ቀጥሎ መጋዘን። ቀጥሎ የሌላ ሰው ሕንጻ ደረጃ፣ የሌላ ሰው ሕንጻ የምድር ቤት ግድግዳ። ቢሮ ውስጥ ወንዶቹ ድልድይና ፎቅ ሲከፋፈሉ ለእኔ የሚተርፈኝ ደረጃ ነበር። «የደረጃዋ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ፀጉሬ ሸብቶም ልጅ ነኝ። ሰው የእኔን ሥራ ይረግጠዋል እንጂ ቀና ብሎ አያየውም። ይህን ግን ቀና ብለው ያዩታል።

ከሥሩ መቆሙን ተዪው ያልሽውን ግን አልተወውም። ሽማግሌው አለቃዬ ያስተማረኝ ነው፤ ድጋፍ የሚነሳ ቀን ነዳፊው ከሥር ይቆማል። «ሒሳብሽን ካመንሽው ምን ያስፈራሻል? ካላመንሽው ደግሞ ሠራተኛውን ለምን ታስገቢዋለሽ?» ይለኝ ነበር። ከውሃ ታንከሩ ጀምሮ ቆሜአለሁ። ሁልጊዜ ከሥር ቆሜ ሒሳቡን ከመጀመሪያው በልቤ እደግመዋለሁ። ለማንም አልነገርሁም፣ ላንቺ ብቻ ነው።

ደግሞ የሥራው ነገር እንዴት እንዳማረ ብታዪ! ባለፈው የሞላነው ግድግዳ የንብ ቀፎ መስሎ ስለወጣ ፎርማኑን ሠራተኞቹ ፊት ተቆጥቼው ነበር። «ሁለተኛ አንዲት ቀዳዳ እንዳላይ» ብዬው ነበር። ይኸው፣ ጣሪያውን የሚሸከሙት አግድም ቢሞች የጎን ጣውላቸው ሲነሳ አንዲትም የለችም። እንደ መስታወት ነው። እጄን አሳለፍሁበት። ሁሉንም ሰብስቤ አመሰገንኋቸው።

ድጋፉ እንደተነሳ እመጣለሁ። የእማዬ ቀዶ ሕክምና ከዚያ በኋላ ይሁን። አንገቷ ላይ ያለው እብጠት እንደበፊቱ ነው ብለሻል፤ እንግዲያው ጥቂት ይታገሣል።

ቀጮሽ

ታኅሣሥ 25

ቀጮዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ቀሚስ እየሰፋሁ ነው የምጽፍልሽ፤ ወረቀቱ ላይ ክር ብታገኚ አትገረሚ።

ያልሽው አልገባኝም ማለት አልችልም፣ ገብቶኛል። እማዬን ግን አስረጂያት። ሐኪሙ ቀን ቆርጦላት ነበር፤ አልሄደችም። ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። «ትንሿ ልጄ በሩ ላይ ሳትቆም አልገባም» አለች።

«እሷ ምን ታደርግልሻለች? ሐኪም አይደለች» አልኋት።

«ሐኪሙን ታየዋለች።»

«አይታው ምን?»

«እሷ ጣሪያ ስታይ የሚፈርሰውን ታውቃለች። ሰውም እንደዚያው ነው።»

እኔ ታላቂቱ፣ አጥቤ የማለብሳት፣ የማጎርሳት፣ ምንም አላውቅም ማለት ነው! ሳቄም እንባዬም መጣ። ሐኪሙን ስነግረው «እህትሽ ምንድን ናት?» አለኝ። «የሕንጻ መሐንዲስ» ብለው ግድግዳውን ዞር ብሎ አየ። እዚያ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ፤ እንዳትመጪ የፈራ ይመስለኛል።

እንዴት ናት ካልሽኝ፣ መልሴ «ደህና ናት» ነው። ትበላለች። ትቆጣለች። ድምጿ ትንሽ ቀጥኗል። ቀኑን ብቻ ንገሪኝና ለሐኪሙ ልንገረው። ተለማመጥኩሽ፣ እኔ ልመና አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ።

እህትሽ

ጥር 3

እታለም፣

ልትቆጪኝ ነው። ተቆጪ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ቀኑን ልነግርሽ አልችልም። ድጋፎቹ አልተነሱም፤ እንዲነሱም አልፈቅድም።

የሆነው እንዲህ ነው። ፎርማኑን ደግሜ አመሰገንሁት። ዝምተኛ ሰው ነው፣ መመስገን አልለመደም፤ ፊቱ በራ። «እርስዎን ላለማሳፈር ብለን ነው እንጂ፣ ኢንጂነር» አለኝ። «ድብልቁ ደረቅ ሲልብን፣ ቀዳዳ እንዳይቀር በትንሽ ውሃ ረዳነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እስኪፈስ ድረስ።»

እስኪፈስ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ይህች ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለችው። ውሃ የበዛበት አርማታ ያምራል፣ ይለሰልሳል፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ ይሞላል። ጉልበት ግን የለውም። እኔ ነኝ ቀዳዳ እንዳላይ ያልሁት። እነሱም ቀዳዳ እንዳላይ አደረጉ።

«ናሙና አይመረመርም ወይ?» ትዪ ይሆናል። ተመርምሯል። ናሙናው የተወሰደው ግን ታች፣ ከሚክሰሩ አፍ ላይ ነው፤ ውሃው የተጨመረው ላይ፣ ጣሪያው ላይ። ስለዚህ ወረቀቱ «ጠንካራ» ይላል። እኔ ከራሱ ከቢሙ ላይ ጠርሙስ ጠርሙስ የሚያህል ቁራጭ አስበስቼ አወጣሁና ላቦራቶሪ ላክሁ። ከሒሳቤ በታች ነው። ከሚገባው በጣም በታች። አንዱ ቁራጭ ጠርዙ ጣቴ ላይ ተፈረፈረ።

ተቋራጩን አንዴ ፎቶ ላይ አሳይቼሽ «ይህ ሰው ሲሄድ እንኳ ይሮጣል» ብለሽ ነበር። ሳይቱ ውስጥ «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚሉት፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ፣ ብለው። እሱ የወረቀቱን ነው የሚይዘው። «የእርስዎ ቁራጭ ሲበሳ የተጎዳ ነው» ይላል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ ለምረቃው እንግዶች ጠርቷል። ለሕንጻ ቢሮው ጻፍሁ፤ «ባለሙያ ይላካል» አሉኝ። እስካሁን አልተላከም።

«ጽፈሽ፣ ፈርመሽ፣ ነይ» ትዪኝም ይሆናል። እታለም፣ እያንዳንዱ ድጋፍ ከታች የቆመው በሽብልቅ ነው። እንጨት ነው፣ በመዶሻ ይመታል፣ ይወልቃል። ሁሉንም ለማውለቅ አንድ ጠዋት ይበቃል። ባለፈው ዓመት ሌላ ሕንጻ ላይ ምሳ በልቼ እስክመለስ ቶሎ ቶሎ ድጋፉን አንስቶ ጠበቀኝ። ያኔ የሆነ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ዘንድሮም አይኖርም ብሎ ያስባል። ብዙ ሕንጻ የሚቆመው እንዲህ በማሰብ ነው። አንዱ እስኪወድቅ።

የምተኛው አዳራሹ ፊት ለፊት ባለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። መዶሻ በተመታ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አናጺው ነው፣ በር ሲያስተካክል።

እማዬን ምን ልበላት? አንቺ ብልሃት ፈልጊ።

ቀጮ

ጥር 11

ለእህቴ፣

ብልሃት ፈለግሁ። «መንገዱ ተበላሽቷል፣ አውቶቡስ አያሳልፍም» አልኋት። በማግስቱ በመስኮት ሆና ሾፌሩን ጠርታ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው። «የተስተካከለ ነው፣ እማማ፣ እንደ ምንጣፍ» አላት። ዞራ አየችኝ። መስኮቱን ዘጋችው፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። ደህና ናት ያልሁሽ ውሸት ነው። እብጠቱ ወደ ውስጥ አድጎ የአየር መተላለፊያዋን እየተጫነው ነው። ስትተነፍስ ታፏጫለች። ጎረቤታችን በመጀመሪያ ቀን «ድመት ገብታባችኋል» አለችን። ጋደም ማለት አትችልም፤ ትራስ ደርባ ተቀምጣ ነው የምታነጋው። ፉጨቱ ሲቋረጥ ከአልጋዬ እነሳለሁ፤ ሲቀጥል እተኛለሁ። አንቺ በመዶሻ ትባንኛለሽ፣ እኔ በዝምታ።

ሐኪሙ «ይህ ወር ካለፈ እኔም እጄን አላስገባም» ብሎኛል።

ያልነገርሁሽ ሥራሽን እንዳላበላሽብሽ ነው። አንቺን ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ ለማለት አይደለም፤ ግን ሰው ሁሉ «ሴት ልጅ ሲሚንቶ ትነካለች ወይ?» ሲል አፉን ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ባልሽ «ከእኔና ከሳይቱ ምረጪ» ሲልሽና ስትመርጪ፣ ሻንጣሽን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተቃውሜሽ አላውቅም። ዛሬ ግን እቃወምሻለሁ። እነዚያ ልጆች የሰው ልጆች ናቸው፣ የራሳቸው አባት አላቸው፣ ዳይሬክተር አላቸው፣ መንግሥት አላቸው። እማዬ ያላት አንቺና እኔ ነን። ደግሞ እኔን አልፈለገችኝም።

እስከ ወሩ መጨረሻ ነይ። ካልመጣሽ ደብዳቤ አትጻፊልኝ።

እህትሽ

ጥር 19

እታለም፣

አትጻፊ ብትዪም እጽፋለሁ። አትመልሽልኝም ይሆናል።

ደብዳቤሽን ድጋፎቹ መሐል ቆሜ ነው ያነበብሁት። እንደ ጫካ ናቸው። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሸሚዞቼን አጥፌ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ ሻንጣዬን በበሩ አየውና «ሊሄዱ ነው? በጣም ጥሩ፣ እረፍት ያስፈልግዎታል» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለው ብታዪ። ሸሚዞቹን መልሼ አወጣሁ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩን ይዞ መጣና ድጋፉ እንደሚነሳ ነገረኝ። የናሙናው ወረቀት እጁ ላይ ነበር። አልተከራከርሁም። ከክፍሌ ወንበሮች አስወጣሁና ከአንዱ ዋና ቢም እኩሌታ ሥር ደረደርኋቸው፤ ለእሱ፣ ለዳይሬክተሩ፣ ለእኔ። «ሽብልቁ ሲመታ አብረን እንቀመጣለን» አልሁ። «የእኛ ሙያ ደንብ ነው። ሻይም ይመጣል።» ሄጄ ተቀመጥሁ።

ቶሎ ቶሎ ሳቀ። «እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም» አለ።

«ወንበሩ ሙያ አይጠይቅም» አልሁት።

ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን ዳበሰ። ስልኩ አልጮኸም። ወጣ። ዳይሬክተሩ ብቻውን ቀረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያኔ አየ። «የእኔም ልጅ እዚሁ ነው የምትማረው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። እንግዶቹን አስቀረ።

አሸነፍሁ ማለት አይደለም። ጣሪያው እንደ ደከመ ነው። ድጋፍ ለዘላለም አይቆምም፣ እንጨት ነው። ስለዚህ ማታውን ተቀምጬ መፍትሔውን ራሴ ነደፍሁት፤ ሁለት ምሰሶ፣ በሁለቱ ዋና ቢሞች እኩሌታ ሥር። አዳራሹ መሐል። የእኔ ቢሮ ሰዎች ሌላ መንገድ ፈልጊ አሉኝ፤ ፈልጌ ነበር። ሌላው መንገድ ሁሉ «ምናልባት» ያለበት ነው። እርሳሴን ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁ። ከዚያ ሣልሁት። የሳይቱ ሰው ሁሉ ኮፍያውን እያወለቀ ሰላም ይለኝ ጀመር፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል። ፎርማኑ መሠረቱን ራሱ ሊቆፍር ገባ፤ ተው ብለው አልሰማኝም።

ቶሎ ቶሎ ግን አልለቀቀም። «ምሰሶው ድጋፉ ከተነሳ በኋላ ይሠራል፣ ቦታ ይለቃል» እያለ ሠራተኞቹን ሲያባብል ሰምቻለሁ። የምሰሶዎቹ አርማታ እስኪጠጥርና ቢሞቹን እስኪቀበል ድረስ ከዚህ አልነቃነቅም። ያ ከወሩ መጨረሻ ያልፋል።

አሁን የምጠይቅሽን ስሚኝ። መንገዱን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉን ተዪና ለእማዬ እውነቱን ንገሪያት። ያልመጣሁት ስላልቻልሁ ሳይሆን አልመጣም ስላልሁ ነው። እንደዚያ ብለሽ ንገሪያት። አውቃ ትፍረድብኝ። እኔ ሳልኖር ገብታ አንድ ነገር ብትሆን፣ እሱን ደግሞ እኔ እሸከመዋለሁ። ምን እንደሚከብድ አላውቅም። ይህ በሒሳብ አይወጣም፤ ሞክሬዋለሁ።

ቀጮ

ጥር 28

ቀጮዬ፣

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ። አግዳሚው ይቆረቁራል፣ ጽሑፌ ቢጣመም ለዚያ ነው።

ነገርኋት። ወንበሮቹን ጭምር። ውሃውንም። ያን ፉጨት እያሰማች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሳበቃ፣

«ብዙ ልጆች ናቸው?» አለችኝ።

«ትምህርት ቤት ሙሉ።»

«ታዲያ አንቺ መንገድ ተበላሸ እያልሽ ስትቀጥፊ የከረምሽው ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«ትመጣለች ብዬ ነዋ፣ እማዬ!»

«እንዲህ ያለውን ጥላ ከመጣችማ እኔን የሚከፍተኝን ሐኪም ምን ልትለው ነው?» ትንፋሿ አጠረ፣ ጠበቅኋት። «ጫማዬን አምጪ።»

«አሁን?»

«ለምን፣ አንቺም ጣሪያ አለብሽ?»

እንዲህ ሆነን መጣን። ደረጃውን በተሸካሚ አልወጣም ብላ ስታስቸግር ነርሷ «እማማ፣ እኔንም ይዘውኝ ይወድቃሉ» ብላ አሳቀቻት። ሲወስዷት እጄን ያዘችኝ። እኔን፣ አንቺን አይደለም። ይህን ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፣ ትንሽ እንድትቀኚ።

ልቆጣሽ አስቤ ነበር የጀመርሁት። ቁጣውን ከየት አመጣዋለሁ፣ አሁን ያለኝ ፍርሃት ብቻ ነው። በሩ ዝግ ነው። ይቆያል አሉኝ፤ ካሉኝ በላይ ቆየ። ሐኪሙ ትናንት ከድምፅ ጋር የተያያዘ ጅማት እብጠቱን ታክኮ እንደሚያልፍ ነግሮኝ ነበር፣ አልነገርኋትም። ያቺ ሴት ያለ ድምፅ ምን ትሆናለች?

ሾፌሩ ሊወጣ ነው ብለው ልጅ ልከውብኛል። ምን እንደምጨምር አላውቅም። አልወጣችም። ይህንኑ ልላክልሽ።

እህትሽ

የካቲት 20

እታለም፣

ከኮሪደሩ ደብዳቤ ቀጥሎ፣ እማዬ ከወጣች በኋላ የጻፍሽልኝን ሁለተኛውን ደብዳቤ ከያዝሁ ሰነበትሁ። በየቀኑ እመልሳለሁ እያልሁ የማነበው ብቻ ሆነ። ይቅር በዪኝ። መጀመሪያውንና ሁለተኛውን የለየው አንድ የአውቶቡስ ምልልስ ነው፤ እሱን እንዴት እንዳሳለፍሁት አልጽፍልሽም። ፎርማኑ ምግብ እያመጣ በሩ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ሲመለስ ራሱ ይበላዋል።

«ድምጿ ይመለስ ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን እኔ አላውቅም። ሐኪሙም «እንጠብቅ» ካለ አላውቅም ማለቱ ነው። እኛ ሙያ ውስጥም እንደዚያ ነው የምንለው። በማንኪያ ጠረጴዛ እየመታች ታዝዘኛለች ያልሽውን ግን አምኛለሁ፤ ማንኪያውን እንዳትወስጂባት።

የእኔን ልንገርሽ። ድጋፎቹ ተነሱ። ምሰሶዎቹ ጠጥረው፣ ከላይ ቢሞቹ ላይ ፌሮ ጨምረን፣ ያቺ ትላካለች የተባለች የሕንጻ ቢሮ ባለሙያም በመጨረሻ መጥታ አይታ፣ ተነሱ። ከሥር ቆምሁ። ፎርማኑ ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቶሎ ቶሎ ሜዳው ላይ ሆኖ አየ። ምንም አልሆነም። ጣሪያው ወደ ምሰሶዎቹ ትንሽ ተደገፈ፣ መሣሪያው ላይ እንጂ በዓይን አይታይም።

አስቀያሚ ነው ወይ ብለሻል። አዎ። ከበሩ ስትገቢ መጀመሪያ የሚያጋጥምሽ እነሱ ናቸው፤ ሁለት ወፍራም ነገሮች፣ አላፊውን ሁሉ «ወዴት ነህ?» የሚሉ ይመስላሉ። የቲያትር መምህሩ ትናንት መጥቶ ጮኸብኝ። «ከዚህ ጀርባ የሚቀመጠው ልጅ ምን ያያል? የት አለ የነደፉልን አዳራሽ?» አለኝ። «ወንበሩን ፈቀቅ ያድርጉት» አልሁት። ፎርማኑ ቀለም ልቀባቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ግድግዳው የተቀባውን ቀባናቸው። ዕቃዬን ስጭን ትንንሽ ልጆች በአንዱ ዙሪያ እየተሯሯጡ ነበር። ረጅም አልቆምሁም።

ከዚህ በኋላ ሌላ አዳራሽ ይሰጡኛል ብዬ አልጠብቅም። ቢሮዬ አንድ የደረጃ ሥራ እንዳለ ጽፎልኛል። እሠራዋለሁ።

ትናንት ስደውል አንቺ ገበያ ሄደሽ እንደነበር ጎረቤቲቱ ነግራኛለች። ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት፤ «ይኸው፣ ለእናትሽ ላቅርብላት» አለች። እኔ የማወራውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅርታውን፣ ወንበሮቹን፣ ሁሉን። አንዱም አልመጣልኝም። እማዬም አልተናገረችም፣ አትችልም። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታው መሰለኝ፣ ትንፋሿን ሰማሁት። ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። ሰፊ ነው። ምንም አያፏጭም። እስኪበቃኝ አዳመጥሁ፤ እሷም እስኪበቃኝ ተነፈሰችልኝ።

ረቡዕ እሳፈራለሁ።

ቀጮ